ሩዙ ወይስ አብሳዩ

ወረታ ውስጥ የታሰርንበት ቤት ቀድሞ የሩዝ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት በወለሉ ስንጥቅ ሁሉ የተሰገሰገውን የሩዝ እብቅ ነው። በጻፍሁት ዜና ምክንያት ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብዬ ከመንገድ ላይ ነበር የተያዝሁት። ጥግ የተቀመጠ ሰው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝና፣ «ጋዜጠኛ ነህ አሉ። ቁጥር ትወዳለህ?» አለኝ።

ሰውየው በሩዝ መፈልፈያ ፋብሪካ ጥራት ይቆጣጠር የነበረ መሐንዲስ ነው። እሱም ስብሰባ ላይ በተናገረው ነበር የታሰረው። ግድግዳው ላይ በከሰል ሦስት አግድም መስመሮች አስምሯል። መካከለኛው የዘወትሩ ልክ፣ ሌሎቹ የላይኛውና የታችኛው ወሰን ናቸው። በየቀኑ ለምንበላው ሩዝ ከአሥር ውጤት እንሰጣለን፤ እሱ አማካዩን አስልቶ በመስመሮቹ ላይ ነጥብ ያኖራል።

«በሁለቱ ወሰኖች መካከል ከፍ ዝቅ ቢል አትጨነቅ፤ ሥራ ይወዛወዛል» አለኝ። «ከወሰን ሲወጣ ግን ምክንያት አለው። ያኔ ተነሥተህ ፈልግ።»

አንድ ቀን ነጥቡ ከታችኛው ወሰን በታች ወጣ። ሩዙ ላቁጦ፣ የሻጋታ ሽታ ይዞ መምጣት ጀመረ።

አብሳያችን እንደኛው የታሰረ የፎገራ ሜዳ ገበሬ ነው፤ የቀድሞው አብሳይ ሲፈታ ነበር የተተካው። ለሌሎቻችን ጠያቂ ተከልክሎ ነበር። ማድ ቤቱ ግን አጥሩን የተጠጋ ስለሆነ፣ ሚስቱ ስንቅ ልታደርስ ስትመጣ ሁለቱ ይተያያሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሩዝ ታበስላለህ ወይስ ቤት ትለስናለህ?» አለው አንድ ሹፌር የነበረ እስረኛ።

«እኔ ሩዝ ዘርቼ አጭጄ ነው ያደግሁ!»

«ማጨዱንስ እጨድ። ሚስትህን በአጥር ስታይ ድስቱን ትረሳዋለህ!»

የጥበቃው አዛዥ ሰማና፣ «ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው ይገባል» አለ። አብሳዩ አጥሩን እያየ ማንኪያውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«ነገን ለፈተና ይስጡን» አለ መሐንዲሱ። አዛዡ ሲፈቅድ ወደ እኛ ዞረ። «እሱ ማድ ቤት የገባው አዲሱ ጆንያ በተፈታበት ቀን ነው። ሁለቱ አብረው ስለተለወጡ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግድግዳው አይነግረንም። እንለያቸው።»

አራት ጣሳ አዘጋጀ። አብሳዩ በአንዱ ከአሮጌው ጆንያ ሥር የቀረችውን ሩዝ፣ በሌላው አዲሱን ያበስላል። ሹፌሩም እንዲሁ። ውሃውና እሳቱ እኩል ይሆናል።

«እኔ ደግሞ ምን አገባኝ?» አለ ሹፌሩ።

«የከሰሰ ያብስል!» አልነው።

ጾም ስለነበር ቅምሻው ከቅዳሴ መውጫ ሰዓት በኋላ ሆነ። የትኛው ጣሳ የማን እንደሆነ የሚያውቀው መሐንዲሱ ብቻ ነው። እንደ ልማዳችን ሽማግሌው ቄስ፣ ሁላችን አባ የምንላቸው፣ ባርከው ቀድመው ቀመሱ። «ይህ ሁለተኛው አይበላም፤ ሌላው ደህና ነው» አሉ። ከእሳቸው በኋላ የቀመስን ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ሁለተኛው አይበላም አልን። መሐንዲሱ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝና የቀመሱት እርስዎ ብቻ ነዎት። እነዚህ አሜን ነው ያሉት።»

ለሽማግሌ ካህን እንዲህ አይባልም። አባ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«እውነቱን ነው። ደግሞም ጉንፋን ይዞኛል፤ ሽታ እንኳ አልለይም።»

ሳቁ ጣራውን ነቀነቀው። «እኔ መጨረሻ ልሁን» አሉ። «እናንተም አትተያዩ» ብለው ቀድመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሁላችንም ዞርን። በየተራ እየሄድን ቀምሰን ለመሐንዲሱ በጆሮው ነገርነው።

ከአሮጌው ጆንያ የበሰሉት ሁለቱም አለፉ። ከአዲሱ የበሰሉት ሁለቱም ወደቁ፤ የሹፌሩ ባሰ።

ሹፌሩ ማንም ሳይልከው ተነሥቶ በሩን መታ። «ጌታዬ፣ ሰውየው ምንም አላጠፋም። ጆንያው ነው የሻገተው። ካላመኑ የእኔን ይቅመሱት!» አዛዡ አንድ ማንኪያ አፉ ውስጥ ጨምሮ ተፋው። ጆንያው ተለወጠ። አብሳዩ በማድ ቤቱ ጸና፤ በማግስቱ ሚስቱ መጣች።

ዛሬ በዜና ክፍላችን ስብሰባ በዕድሜ አንጋፋው እኔ ነኝ። የምናገረው ሁሉም ከተናገሩ በኋላ ነው። አንዳንድ ቀን ከልጆቹ አንዱ እኔ ካሰብሁት የተሻለ ነገር ያመጣል። ቀድሜ ብናገር ያን እንደማልሰማው አውቃለሁ።