ቀዩ መፋቂያ

ከልጄ ባል ጋር ጫካ የገባሁት ወድጄ አይደለም። ልጄ፣ «አባዬ፣ ካሁን በኋላ ብቻህን ዱር ለዱር መዞር ይቅርብህ» ብላ ተነሳችብኝ። ስጨቃጨቃት ጊዜ ባሏ አንድ ቀን አብሮኝ ሄዶ መቻል አለመቻሌን ይመስክር ተባለ። በዚህ ዕድሜዬ ለመንጃ ፈቃድ እንደሚፈተን ጎረምሳ ሆንኩላችሁ።

ባሏ ከሚኖሩበት ከፓልምስ ሰፈር መጥቶ፣ እኔን ፌርፋክስ ካለው ቤቴ ደጅ ወሰደኝ። ተራራው ሥር ፓርክ አደረገና «ሶ፣ ጋሼ፣ ቀስ ብለን ነው የምንሄደው፣ ኦኬ?» አለኝ። እንደ ፍየል ፊት ፊቱ ወጣሁ። ጉልበቴ ሲንቋቋ እንዳይሰማብኝ ሳልኩ።

ሎስ አንጀለስ መጸው የላትም የሚሉ ከመኪናቸው ወርደው የማያውቁ ናቸው። ወንዙ ዳር ሲካሞር የሚሏቸው ዛፎች ዝገት መስለዋል፤ የረገፈው ቅጠላቸው ከመዳፌ ይሰፋል። ከነቆቡ የወደቀ የኦክ ዛፍ ፍሬ፣ ባዶ የቀንድ አውጣ ቤት፣ አንድ ሰማያዊ ላባ እያነሳሁ ኪሴ ከተትኩ።

«ይሄን ሁሉ ቆሻሻ ምን ልታደርገው ነው?»

«ለሚስትህ ነው። አንተ አበባ ገዝተህላት አታውቅ።»

አንድ ቅጠል በጫማው ጫፍ ጠለዘ። ደስ አለኝ።

ትንሽ እንደሄድን ከቋጥኙ ሥር አንድ ቁጥቋጦ አየሁ። ቅጠሉ ሦስት ሦስት እየሆነ እንደ ዛላ በርበሬ ቀልቷል፤ ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው። እኔ ደግሞ ዱር ገብቼ መፋቂያ ሳልቆርጥ መመለስ አላውቅበትም። ሰብሬ ልጣጩን መላጥ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ተው። ፖይዝን ኦክ ነው፤ መርዝ ነው።»

እውነቱን ሊሆን እንደሚችል ገብቶኛል። ለልጄ የሚነግርብኝ ነገር ሲፈልግ እንደዋለም ገብቶኛል።

«ጥርስህን በፕላስቲክ የምትፍቅ ሰውዬ፣ ስለ እንጨት ልታስተምረኝ ነው?» አልኩና ጫፉን አኝኬ፣ የተረፉኝን ጥርሶች እያየኝ ፋቅኋቸው።

«ኦኬ» አለ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳኝ። እኔ ጅሉ ፈገግ አልኩለት።

በማግስቱ ከንፈሬ አብጦ አገጬ ላይ ተኛ፤ ምላሴ አፌ ውስጥ መተኛ አጣ። ከሐኪም ቤት ስመለስ ልጄ ከነባሏ ሳሎኔ ተቀምጣለች። ፎቶውን አሳየችኝ።

«አባዬ፣ ነግሮህ ነበር አይደል?»

የምመልሰው ሞልቶ ነበር፤ የአካሄዴ ፍጥነት፣ የባሏ ተንኮል። ከአፌ የወጣው ግን ለሀጭ ነው።

«እንግዲህ ብቻህን መሄድ ቀረ» አለች።

«ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እወስደዋለሁ» አለ ባሏ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል፤ ሶፍትም አቀበለኝ። መልሼ ልወረውርበት ነበር። ለሀጬ ግን አላቆም አለ፤ ጠረግኩበት።