ከመረቡ ማዶ ያየሁት

ባለፈው ቅዳሜ፣ ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ወደ ደቡብ የሚሰደዱ ወፎችን በመረብ ይዘው እግራቸው ላይ ቀጭን ቀለበት ወደሚያስሩበት፣ ከቶሮንቶ ፊት ለፊት ወዳለው ደሴት ተሻግሬ ነበር። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ቀለበት ያሰረችላትን ቢጫ ወፍ እኔ እንድለቃት ብላ እጄን ያዘች፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጥፋ የወፏን አንገት በሌባ ጣቴና በመሀል ጣቴ መካከል አስገባችው። የወፏ ልብ መዳፌ ውስጥ ሲመታ አባቴ ትዝ አለኝ።

የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ እዚያው ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ከከተማው ዳር፣ ኢቶቢኮ ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሳ ይከርምና፣ በመስከረምና በጥቅምት ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ፂሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ እያፏጨ ወደ ደሴቲቱ ወደሚያሻግረው ፌሪ ይሄዳል። የት ሲባል፣ ወፍ ለማየት። እናቴ ይህን ማመን አቃታት። ትልቅ ሰው፣ ያውም የሀበሻ ወንድ፣ ለወፍ ብሎ ይላጫል? ባልኮኒያችን በእርግብ ኩስ ነጥቶ እያለ ወፍ ፍለጋ ሐይቅ መሻገር ለእሷ በቂ ማስረጃ ነበር። ሸሚዙን ታሸታለች፣ ኪሱን ትበረብራለች፤ አንድ ቀን ላባ ብታገኝ እንኳ «ይሄ ደግሞ ከማን ባርኔጣ ነው?» አለች። በመጨረሻ እኔን መደበችኝ።

«አብረሽው ሂጂ፤ ዓይንሽን ክፈቺ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»

ሹመቱን ወደድኩት። ደሴቲቱ እርጥብ ቅጠል ትሸታለች፤ ቁጥቋጦው መሀል እንደ ፀጉር የቀጠነ መረብ ተዘርግቷል፤ ሰዎቹ ወፎቹ እንዳይደነግጡ በሹክሹክታ ያወራሉ፣ ይሄም ጥርጣሬዬን አባሰው። ዳር ተቀምጬ የያዝኩትን ሙፊን ኬክ ጨርሼ ስመለስ፣ ከመረቡ ማዶ አንዲት ቢጫ ፀጉር ያላት ሴት የአባቴን እጅ ይዛ ጣቶቹን ስታጣጥፍ፣ እሱም ቤታችን ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሲስቅ አየሁ። በመዳፉ የነበረችውን ወፍ የሴትዮዋ ጀርባ ከልሎኝ ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ግን ባለፈው ቅዳሜ ነው።

ቤት ስንገባ ለእናቴ «እጁን ያዘችው፤ ሳቀ» አልኳት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። እሷም አልጮኸችም፤ በሳምንቱ «ቅዳሜ ኦቨርታይም ውሰድ» አለችው፤ እሱም ለምን ሳይል ወሰደ። ፉጨቱ ቀረ። እኔም እሱ ስልክ ባነሳ ቁጥር ጆሮዬን እያቆምኩ፣ ገና ለገና ጥሎን ይሄዳል ብዬ አባቴን በጎን እያየሁ አደግሁ።

እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ከደሴቲቱ እንደተመለስኩ በቀጥታ አባቴ ጋ ሄጄ ያየሁትንም የተናገርኩትንም ነገርኩት። እያወራሁ በጣም አፈርኩ። የወሰድኩበትን ቅዳሜ ሁሉ የምመልስለት ይመስል «የፊታችን ቅዳሜ እኔ ድራይቭ አደርግሃለሁ፣ አብረን እንሻገራለን» አልኩት።

አባቴ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አያቸው።

«አሁንማ ይንቀጠቀጣሉ፣ የኔ ልጅ። ማን አምኖ ወፍ ያስይዘኛል?»