ሄቲ ግሪመርና የማርልቶርፕ ስም

ባሕሩ ማርልቶርፕን ከጫፏ ጀምሮ ሲበላት፣ የመንደራችን ምክር ቤት ሊቀመንበር ሄቲ ግሪመር ነበረች። እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ ውስጥ በእኛ በኩል ያለው ገደል አሸዋና ጭቃ ነው፤ በየክረምቱ ይናዳል። ቤተ ክርስቲያኑ በእናቷ ዘመን ከገደሉ ጋር ሄደ። ቀጥሎ መጠጥ ቤቱ ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር ለሱ የተለቀሰው ይበልጣል።

ሄቲ ድምፀ ጎርናና፣ ሳቂታ ሴት ናት። ስብሰባ ላይ ክርክር ሲከር የዝንጅብል ብስኩት ታዞርና፣ «አፋችሁ ሲሞላ ነው የምትግባቡት» ትለን ነበር።

ሰዉ እየተመናመነ ሲሄድ ወረዳው ከስካርቢ ጋር እንድንዋሃድ ወሰነ። ስካርቢ ከባሕሩ ራቅ ብላ ያለች ጎረቤታችን ናት። የሷ ሊቀመንበር ሲሪል ጌጅ ደግሞ ከሄቲ ጋር ከትምህርት ቤት ጀምሮ አይጥና ድመት ነው።

በመጀመሪያው የጋራ ስብሰባ ሲሪል ተነሣና፣ «ስማችን ስካርቢ ይሁን። የናንተን ብንይዝ የሚጠራበት መሬት የታል?» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ መሬቱ እንጂ እኛ መቼ ሰጠምን!» አለችው ሄቲ ፊቷ ቀልቶ። አዳራሹ በጩኸት ተሞላ፤ ሳንወስን ተበተንን።

በዚያው ክረምት ኃይለኛ ማዕበል መጣ። ጠዋት ስንነሣ የሄቲ ጓሮ የለም፤ የዶሮ ቤቷ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ወረዳው ዛሬውኑ ቤቱን ልቀቂ አላት። ዕቃዋን በእጃችን እያወጣን ሳለ ሲሪል በትራክተር ጋሪ እየጎተተ ደረሰ።

«ልትስቅብኝ ነው የመጣኸው?»

«እኔ ስስቅ ፒያኖሽን ማን ይጭንልሻል? ዞር በይ እስቲ!»

እየተነጫነጨ ጫነላት። በመጨረሻ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ቤቱ የተወለደችበት ነው። ሲሪል ባርኔጣውን አውልቆ ጠበቃት። ከዚያ፣ «ነይ፣ እኅቴ ሾርባ ጥዳለች» አላት።

ጸደይ ላይ እንደገና ስንሰበሰብ ቀድሞ እጁን ያወጣው ሲሪል ነው። «ማርልቶርፕና ስካርቢ ይባል። የነሱ ይቅደም» አለ።

«ምን ነካህ?» አለው አንዱ የስካርቢ ሰው።

«እኛማ የትም አንሄድም። መጠራት ያለበት የሚሄደው ነው።»

ሄቲ የዝንጅብል ብስኩቷን መጀመሪያ ወደሱ አዞረች። እጅ አወጣን፤ ጸደቀ።

አሁን ስካርቢ ውስጥ ከሲሪል ጋር አጥር ለአጥር ነው የምትኖረው። ጽጌረዳህ ወደኔ ዘለቀ፣ ዶሮሽ ወደኔ ገባ ሲባባሉ መንገድ ላይ ድረስ ይሰማል።