ብረት እንዳይነካው የሸሸግሁት እብጠት

መጀመሪያ ያገኘሁት ገላዬን ስታጠብ ነው። በግራ ጡቴ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብሎ፣ ሽንብራ የሚያህል ደረቅ ነገር ነበር። አያምም። ትንሿን ልጄን ጡት ካስጣልኳት ዓመት አልሞላኝምና የቋጠረ ወተት ነው አልኩ። ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከርኩ አሸሁት።

አደገ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ እብጠት ብረት ከነካው ይቆጣል ይባላል፤ ተቆጥቶ መላ ሰውነትን ይወርራል። አክስቴ ጡቷን ሐኪም ቤት በተቀደደች በሦስተኛ ወሯ ስለሞተች ቤተሰባችን ሁሉ ይህን ያምናል። የልጆቼን ውሃ ሁለት ጊዜ የማፈላ ሴት፣ ይህን ሰባት ወር ደበቅሁ።

የደረሰችብኝ እትዬ ዘሀራ ናት። የድሬዳዋ ሴት ናት፤ በስደት ባለንበት ከተማ ማዕከላዊ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ እንኖራለን። ልብስ ሳሰጣ ግራ እጄን እንደማላነሳ አይታ ወደ ክፍሏ አስገባችኝ። ነገርኳት።

«ብረት ከነካው ይቆጣል» አልኳት።

«አቦ! ማነው ያለሽ?» በሩን ዘጋችና ልብሷን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገች። በቀኝ በኩል ጡት የለም። ቀጭን ጠባሳ ብቻ። «ብረት ከነካኝ ስምንት ዓመቴ። እስካሁን የሚቆጣው ምላሴ ነው።»

አምስት ዓመት አብረን ስንኖር አላውቅም ነበር። «ሴት ልጆቼን የሚያገባ ይጠፋል ብዬ ደበቅሁ» አለችኝ። «አሁንማ ተድረዋል።»

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ይናገራል፣ እሷ ትተረጉማለች። ከእብጠቱ ለምርመራ ቁራጭ፣ ባዮፕሲ፣ ተወሰደ። ካንሰር ነው። እስከ ብብቴ እጢዎች ደርሷል።

«አክስቴን የገደላት ብረቱ ነው ወይ? ጠይቂልኝ» አልኩ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አክስትሽን አላየኋትም። ብዙዎች ግን ወደኛ የሚመጡት ከተሰራጨ በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምናው አያሰራጨውም። መቆየቱ ነው የሚያሰራጨው።»

ፈረምኩ። ጡቴ ተቆረጠ። ነቃሁ። የልጆቼን ስም ጠራሁ።

የካንሰር መድኃኒቱን፣ ኬሞቴራፒውን፣ አገር ቤት ሄጄ አዲስ አበባ ስወስድ ጠጉሬ ረገፈ፣ የምበላው ሁሉ ብረት ብረት አለኝ፤ ሁለቱን ልጆቼን ግን እትዬ ዘሀራ ከቤተሰቧ ጋር አኑራልኝ ነበር። ዐቢይ ጾም ስለነበረ እሷ እስላም ሆና ለትልቋ ልጄ የጾም ወጥ ለብቻ እየሠራች አቆየቻት፤ በስልክ «ልጅ ናት፣ ያገኘችውን ትብላ» ብላት «ኋላ መጥተሽ ልትከሺኝ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ጠባሳዋን ያሳየችኝ ሳትፈራ አይደለም፤ ፈርታም አሳየችኝ።

ከታከምኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ በየጊዜው እየሄድኩ እታያለሁ። ሐኪሙ ቀድሜ መጥቼ ቢሆን ምናልባት እብጠቱ ብቻ ይወጣ እንደነበር ነግሮኛል። አንቺ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ጸሎትሽንም ጠበልሽንም አልነካብሽም፣ እኔም አልተውኩም። ግን ነገ ጠዋት ሂጂ። ቋንቋው ካስቸገረሽ የሚተረጉምልሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ የምትፈሪውንም ለሐኪሙ በራስሽ አፍ ንገሪው። ትድኛለሽ ብዬ ቃል ልገባልሽ አልችልም፤ ለእኔም ማንም አልገባልኝም። ያም ሆኖ ሄድኩ፤ ትንሿ ልጄ ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ገባች።