ጥቁር ሹራብ የለበሰው ሰውዬ

ይህ የደረሰብኝ አምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ቦሌ ሚካኤል ነው። እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት በገባሁ ቁጥር ጆሮዬን ያቃጥለኛል።

የፊልም ድምፅ ቀራጭ ነኝ። ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ማይክ አስሮ ከተዋናዮቹ አናት በላይ ይዞ የሚቆመው ሰውዬ ማለት ነው። ያኔ ክረምቱን ሙሉ ሥራ ፈትቼ አያት ኮንዶሚኒየም ቤቴ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። ምንም አትለኝም፤ ዝምታዋ ግን ከንግግር ይብሳል።

አንድ ቀን ሜካፕ የምትሠራ ጓደኛዬ ሄለን ደወለች። አቶ ዘሪሁን የሚባል ፕሮዲውሰር ተከታታይ ድራማ ሊጀምር ነው፤ የድምፅ ሰው ገና አልያዘም። ስልክ አያነሳም፤ ዛሬ ግን ለቅሶ ላይ ነው፣ የፊልም ሰው ሁሉ እዚያ ነው አለችኝ። የማን ለቅሶ እንደሆነ እንኳን ሳልጠይቅ ስልኩን ዘግቼ መገናኛ ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

ድንኳኑ ጢም ብሏል። አቶ ዘሪሁን ጥግ ላይ በትልልቅ ሰዎች ተከቦ ተቀምጧል። ዘው ብዬ ብሄድ ማን ነህ ቢለኝስ? የሚያስተዋውቀኝ ሰው ያስፈልገኛል። ለድንኳኑ በጅምላ እግዜር ያጽናችሁ አልኩና ጥቁር ሹራብ ከለበሰ፣ ጢሙ ካደገ ሰውዬ አጠገብ ቁጭ አልኩ። መቼም ከካሜራ ኋላ የሚሠራ ሰው ጥቁር ይወዳል፤ እኔም ጥቁር ለብሻለሁ። ከእኛው አንዱ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ አቶ ዘሪሁንን ያውቀው እንደሆነ ጠየቅሁት። አብረን ነው የምንሠራው አለኝ። እሰይ አልኩ በልቤ። ሙያዬን ነገርኩት፣ የሠራሁባቸውን ድራማዎች ዘረዘርኩለት፣ እባክህ አንድ ቃል ጣል አድርግልኝ ብዬ ለመንኩት። እሱ መሬት መሬት እያየ ይሰማኛል።

"ሟቿን ታውቃቸው ነበር?" አለኝ።

ሴት መሆናቸውን ያወቅሁት ገና ያኔ ነው። አፌ ቀደመኝ፦

"እንዴ፣ በደንብ ነዋ! ቀረጻ ላይ አብረን ሠርተናል።"

ቀና ብሎ አየኝ።

"እናቴ ናቸው። ቀረጻ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም።"

ክው አልኩ። ልነሳ ስል ክንዴን ያዘኝ። አሁን ይጮኻል፣ አቶ ዘሪሁን እያየኝ ከድንኳን እባረራለሁ፣ ከእንግዲህ ይህ ሙያ ለእኔ አበቃ ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

"ሥራ ቸግሮሃል፣ ገብቶኛል" አለኝ ድምፁን ሳያነሳ። "የመጣኸው ግን ለቅሶ ነው። ተነስና ሰው አስተናግድ።"

ተነሳሁ። ውኃ አቀረብኩ፣ ንፍሮ አዞርኩ፣ አግዳሚ ተሸከምኩ። በማግሥቱም ሄድኩ፣ በሠልስቱም ሄድኩ። ማን አስገደደህ አትበሉኝ፤ እፍረቱ ነው መሰለኝ። ሄለን ትሪ ይዤ ስታየኝ ዘመድህ ናቸው እንዴ ብላኛለች።

በሠልስቱ ሰዉ ሲበታተን ሰውዬው ትከሻዬን ይዞ አቶ ዘሪሁን ፊት አቆመኝ። ቴዎድሮስ ይባላል፤ ለካ የዚያው ድራማ ፕሮዳክሽን ማናጀር እሱ ነው።

"ይህ ልጅ ድምፅ ቀራጭ ነኝ ይላል" አለ። "ሥራውን ስላላየሁ ስለ ሥራው አልመሰክርም። ሲዋሽ አይቻለሁ። አፍሮ ሳይሸሽ ሲቀርም አይቻለሁ።"

አቶ ዘሪሁን ከላይ እስከ ታች አየኝና ሰኞ ማይክህን ይዘህ ና፣ እንሞክርሃለን አለኝ።

ሥራውን አገኘሁ። ልጄ የተወለደችው ቀረጻው መሀል ነው።

ሰሞኑን የቴዎድሮስ እናት ሙት ዓመት ነበር፤ ሳይጠራኝ ሄድኩ። አቶ ዘሪሁንም ሌሎች ፕሮዲውሰሮችም ነበሩ፤ ስለ ሥራ ትንፍሽ አላልኩም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእናቱን ፎቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ በደንብ አየሁት። ከዚያ ቴዎድሮስ ጋ ሄጄ እጁን ያዝኩና፣ ያን ቀን ለእሱ ሳልለው የቀረሁትን እግዜር ያጽናህ አልኩት።