ሰዓቴ የቆጠረልኝ ስግደት

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፤ ስትናገር ግን እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ትላለች። «ስኳርዎ ድንበሩ ላይ ቆሟል» አለችኝ። «ስድስት ሳምንት ልስጥዎት። ክብደት ይቀንሱ፣ እንቅስቃሴ ይጨምሩ። ካልወረደ ክኒን እንጀምራለን፤ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ ጋር።»

ሌላው አልከበደኝም። «ከቁርስ ጋር» ያለችው ነው ያስደነገጠኝ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ከአርባ ምንጭ ለሥራ መጥቼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ብቻዬን ስኖር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ዘመድ በሌለኝ ከተማ ከቤቴ ይዤው የመጣሁት ነገር ቢኖር ጾሜ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ፣ ማታ ማታ እሰግዳለሁ። የታመመ ሰው እንደማይገደድ አውቃለሁ፤ የንስሐ አባቴም ብጠይቃቸው ይህንኑ ነው የሚሉኝ። እኔ ግን «አይገደድም» የሚባለው ሰው መሆን አልፈለግሁም።

ታናሽ እህቴ ከቤይሩት የላከችልኝ የእጅ ሰዓት ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እርምጃ ይቆጥራል፣ የልብ ምት ይለካል፣ ስንት ካሎሪ እንዳቃጠልሽ ይነግርሻል። እኔ የምሠራው መዝገብ ቤት ነው፤ በቁጥር የተጻፈ ነገር አምናለሁ። ቁመቴንና ክብደቴን ጠየቀኝ፣ ሞላሁ። የትውልድ ዓመቴን ጠየቀኝ፤ እንዳልሳሳት መታወቂያዬን አውጥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ እሱንም ሞላሁ።

ጾሙ ገባ። በመጀመሪያው ማታ ሰግጄ ስጨርስ ሰዓቱ «ሁለት መቶ ሰማንያ ካሎሪ» ብሎ አበሰረኝ። ደስ አለኝ። የተቃጠለውን ግማሹን ለዶክተሯ ተውኩላት፤ በቀሪው ግማሽ፣ ጣሳው ጀርባ ላይ የተጻፈውን የካሎሪ ልክ እያነበብኩ፣ ዳቦዬን በለውዝ ቅቤ ቀባሁ። ልብስ ባጠብኩ ቀን ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ቅቤውንም ወፈር አደርገው ነበር። ሁሉም በሥርዓት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ፋርማሲ ገብቼ ሚዛን ላይ ወጣሁ።

ፊት ለፊቴ የምትኖረው ጎረቤቴ የወሎ ልጅ ናት፤ አብነት ሰፈር ልብስ ትሰፋለች። ሚዛን ልወጣ እንደሄድኩ ታውቃለችና፣ ስመለስ ፊቴን አይታ ገባት።

«ስንት መጣ?» አለችኝ።

«አንድ ኪሎ ተኩል።»

«እሰይ! ቀነስሽ?»

«ጨመርኩ።»

በሩን ይዛ ሳቀች። «ወላሂ፣ ዐቢይ ጾም ያወፈረው ሰው አንቺን አየሁ!»

«ሰዓቱ እኮ በየቀኑ…»

«ተይው ሰዓቱን። ቅዳሜ እንፈትነዋለን።»

ቅዳሜ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። ሁለት ጀሪካን ሞልቼ፣ በግራና በቀኝ አንጠልጥዬ፣ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆራርጦ መናገር አቃተኝ። ጎረቤቴ እጄን ገልብጣ አየች። ሰዓቱ አንዲት እርምጃ አልጨመረም። እጄ ስላልተወዛወዘ የቆምኩ መስሎታል።

«አሁን ቁጭ በይና ብርድ ልብስሽን እጠቢ» አለች።

በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳፋው ውስጥ አሸሁ፣ ጨመቅኩ፣ አሸሁ። ስጨርስ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ተጉዣለሁ ይላል።

«የት ደረስሽ በይ? ጠመንጃ ያዥ ሰፈር?» አለችኝ። «ከበርጩማ ሳትነሺ! እኔም ስፌቱን ትቼ እንዲህ ብጓዝ ይሻለኛል።»

ከዚያ ሰዓቱን ፈታ እየነካካች፣ እኔ ያልከፈትኩትን ሁሉ ከፈተች። ድንገት ጮኸች። «አንቺ! ሃምሳ አንድ ዓመትሽ ነው እንዴ?»

«አርባ ሦስት ነኝ!»

«እሱ ሃምሳ አንድ ነው የሚለው።»

ለካ መነጽር አድርጌ የሞላሁት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። በአንድ ቁጥር ስምንት ዓመት አርጅቻለሁ።

«ለዚህ ነዋ ስግደትሽን እንዲህ የሚያደንቅልሽ!» አለች ሆዷን ይዛ። «ምስኪን፣ አሮጊት እየወደቀች ስትነሣ መስሎት ነው።»

ሳቅኩ፤ ግን ቀን ቆጠርኩ። የቀጠሮዬ ቀን ሊደርስ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ሌላም ያልነገርኳት ነገር አለ፤ ከስግደት ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኔ ሥዕለ አድኅኖው ላይ ሳይሆን እጄ ላይ ነበር የሚያርፈው። ይህንን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ ማን እንዲቆጥርልሽ ነው የምትሰግጂው?» አሉኝ። ቀኖና እንኳ አልሰጡኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ለጸሎት ስቆም ሰዓቱን ፈትቼ ወጥ ቤት አስቀምጠዋለሁ። ዕድሜዬን ጎረቤቴ አስተካክላልኛለች፤ ቁጥሩም ወረደ፤ ስንት ልብላ ብዬ ግን ዳግም አልጠየቅኩትም። የለውዝ ቅቤውን ለእሷ ሰጠኋት። ሥራ ስሄድና ስመለስ ታክሲ ትቼ በእግሬ ሆንኩ፤ በልደታ ማርያም በኩል ሳልፍ ተሳልሜ፣ ጃንጥላና ጧፍ የሚሸጡትን ሴቶች ሰላም ብዬ። ያ መንገድ ስንት እንዳቃጠለልኝ አላውቅም።

በቀጠሮዬ ቀን ጎረቤቴ ሱቋን ዘግታ አብራኝ መጣች። ደሜን ሰጥቼ ውጤቱ እስኪመጣ ለዶክተሯ የሰዓቱን ነገር ሳልደብቅ ነገርኳት። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

«የልብ ምትዎን ደህና አድርጎ ይቆጥራል» አለችኝ። «ከዚያ ወዲያ ያለው ግምት ነው። ልብ በደረጃም ይመታል፣ በድንጋጤም ይመታል፣ በሙቀትም ይመታል፤ ሰዓቱ ምክንያቱን አያውቅም። አንድ ሰው ስንት እንዳቃጠለ በደንብ ለማወቅ የሚተነፍሰው አየር በመሣሪያ ተሰብስቦ ይለካል። የእርስዎ ሰዓት ከትናንትዎ ዛሬ መብለጥዎን ይንገርዎት፤ ስንት እንደሚበሉ ግን አይጠይቁት።»

«ሰማሽ? ከትናንት» አለችኝ ጎረቤቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «ከአሮጊቷ አይደለም።»

ወረቀቱ መጣ። ዶክተሯ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። እኔ በልቤ ጸለይኩ።

«ወርዷል» አለች። «ብዙ አይደለም፤ ግን ወርዷል። ክኒኑን እናቆየው። ሲጾሙ ካዞረዎት ወይም ካንቀጠቀጠዎት ግን ያኔውኑ ይብሉና ወደኔ ይምጡ፤ ቃል ይግቡልኝ።»

ቃል ገባሁ።

ስንወጣ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጎረቤቴ ፓስቲ የሚጠበስበት ቤት በር ላይ ቆም አለች።

«ይህማ ግብዣ ይገባዋል። ሻይ ልበልሽ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን?»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልራብ» አልኳት።

ሆዴ ይጮኻል፤ እሷም ሰማችው። ክንዴን ያዘችና ሽታው ወደማይደርስበት ወደ ማዶው አሻገረችኝ።