ዋስ የሌለው መኪና

ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ

የናይሮቢው አውቶቡስ ከሞያሌ የተነሳው ገና ሳይነጋ ነበር። የምንሄደው መኪና ልንገዛ ነው። የእናቴ ወንድም ጃርሶ ድርቁ ከብቶቹን ሲፈጅበት የተረፉትን ሸጦ፣ ሞያሌ ዙሪያ ወዳሉት ኦዳና ጎዶማ ሰው የሚያመላልስበት መኪና ሊገዛ ቆርጧል። ሚስቱና ልጆቹ ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። እኔን የወሰደኝ ስዋሂሊ ስለምችል ነው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፣ ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። እሱ ግን የሚያውቀው ኦሮምኛና አማርኛ ብቻ ነው።

ከቱርቢ ወዲያ በመስኮት የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ነው። አልፎ አልፎ ቆዳው አጥንቱ ላይ የደረቀ የከብት ሬሳ መንገድ ዳር ተጋድሟል። አቡያ፣ አጎቴን የምጠራው እንዲህ ነው፣ ያን ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር። ማርሳቢት ላይ ሻይና ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ በመቶ ሃምሳ ሽልንግ ገዛን። አቡያ የቂጣውን ግማሽ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

የመኪና ግቢው

ናይሮቢ ባደርን ማግስት አሮጌ መኪና የሚሸጥበት ግቢ ሄድን። ባለን ገንዘብ ሁለት መኪና ይገኛል። አንዱ ቡናማ ነው፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ወንበሩ የተቀደደ። ሌላው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል። አንድ ፉንዲ፣ መካኒክ ማለት ነው፣ በሦስት ሺህ ሽልንግ ሁለቱንም ልፈትሽላችሁ አለን።

“ከብት ሳይ ያረጀሁ ሰው ለዓይን እከፍላለሁ?” አለ አቡያ። “ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ ከብት ጤነኛ ነው። ነጩን።”

ከነጩ መኪና ወንበር ሥር ምንጣፉን ገለጥ አደረግኩ። ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

“አቡያ፣ ከሥሩ ጭቃ አለ።”

“የሞያሌ ልጅ ሆነሽ አፈር ፈራሽ?” ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ ሻጩን ዋሱ ማን እንደሆነ እንድጠይቅለት አዘዘኝ። በእኛ የከብት ገበያ ያለ ዋስ አይገዛም። የተሸጠው ከብት የተደበቀ በሽታ ከተገኘበት ዋሱ ያስመልሳል። እየተንተባተብኩ ተረጎምኩ። ሻጩ አልገባውም፤ ሲገባው ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። አጠገቡ ሸንኮራ የሚያኝክ ጓደኛውን ጠቆመና “ዋሴ እሱ ነው” አለ። ጓደኛውም “አዎ፣ እኔ ነኝ! ከሞተ እኔ እቀብረዋለሁ” ብሎ እጁን ዘረጋ።

“አቡያ፣ እየቀለዱ ነው” አልኩት በጆሮው።

“በዋስ የሚቀልድ ሰው የለም” አለኝና የሰውዬውን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ከዚያ ገንዘቡን ቆጥሮ ለሻጩ ከፈለ።

የመልስ መንገድ

አቡያ ድሮ ከጭነት መኪና ሾፌር መንዳት ተምሯል፤ መፈተሽ ግን አልተማረም። እስከ ኢሲዮሎ ደህና ተጓዝን። ላይሳሚስን እንዳለፍን መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፣ ሞተሩ ጠፋ። ዛፍ የለም፣ ነፋሱ ትኩስ ነው። በመጨረሻ አንድ ጭነት መኪና በገመድ ጎትቶ ማርሳቢት አደረሰን።

የማርሳቢቱ ፉንዲ ወንበሩን ነቅሎ ሽቦዎቹን አሳየን። አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል።

“እናንተ የድርቅ አገር ሰዎች፣ ዋና የሚችል መኪና ከየት አመጣችሁ?” አለ። አቡያ ፊቱን ሲያዞር ሳቁን ተወ። “በጎርፍ ሰምጦ የነበረ ነው። አጥበው ሸጡላችሁ። ማሠሪያው ከገዛችሁበት ግማሽ በላይ ይወስዳል።”

ሻጩ ጋ ደወልኩ። “አሮጌ መኪና እንደታየ ነው የሚሸጠው” አለኝ። ዋሱስ ስለው “የትኛው ዋስ?” አለ።

አቡያ ስልኩን ከእጄ ወሰደ። “ዋስህ እጄን ጨብጧል!” እያለ በኦሮምኛ ጮኸ። መስመሩ ግን ቀድሞ ተቋርጦ ነበር።

ቤት

ከብት አራግፎ ባዶውን ወደ ሞያሌ የሚመለስ ጭነት መኪና ተገኘ። መኪናችንን ከብት በሚጫንበት መወጣጫ ገፍተን አወጣነው። አቡያ ጋቢና አልገባም፤ ከላይ፣ ፋንድያው ውስጥ ተቀምጦ መጣ።

ሚስቱ መኪናውን የምትመርቅበትን ወተት በጮጮ፣ በወተት ዕቃው፣ ይዛ በር ላይ ትጠብቀን ነበር። አየችን። ወተቱን ለልጆቹ ቀዳችላቸው።

መኪና ልትገዙ የምትሄዱ ሰዎች ይህን ስሙኝ። ፉንዲውን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ቅጠሩ፣ ገንዘቡም አይቆጫችሁ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረበት ሲነሳ እዩት። ደረቅ ጭቃን አቧራ ነው ብላችሁ አትለፉት። ዋስ ደግሞ ዋስ የሚሆነው ነገ ገበያ ላይ ስታገኙት የሚያፍር ሰው ሲሆን ነው። ናይሮቢ ላይ ማንም እኛን መልሶ አያገኘንም፤ የሚያፍረንም የለም።

ለማሠሪያው ገንዘብ አልተገኘም። አቡያ አሁን ጎዶማ አካባቢ የሌላ ሰው ከብት ይጠብቃል። ባለፈው ጁምዓ ቤት ሲመጣ ሚስቱ በድሮው ልማዷ “ከብቶቹ ደህና ናቸው?” አለችው።

“የሰው ናቸው” አላትና እጁን ሊታጠብ ወጣ።